የኢቫን ዴኒሶቪች ፊርማ

የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችን ከሁሉ አስቀድመን የምንሻው ሰነድ ነው፤ ፊርማ ያለበት ሲሆንማ ደስታችን ይበዛል። «የኢቫን ዴኒሶቪች አንድ ቀን» የተባለው የሶልዠኒትሲን ልብ ወለድ ግን ይህን እምነታችንን አናግቶብናል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ባለ ታሪኩ ሹኮቭ የመስኮብ ገበሬ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በጀርመኖች ተማርኮ፥ አምልጦ ወደ ወገኖቹ ቢመለስ፥ ለስለላ ተልከህ ነው ብለው ያዙት። ባይፈርም እንደሚገደል፥ ቢፈርም ግን ጥቂት እንደሚሰነብት ስለ ተረዳ፥ ሰላይ ነኝ ብሎ ፈረመ፤ ዐሥር ዓመትም ተፈረደበት። ለምን ጕዳይ እንደ ተላከ እርሱም መርማሪውም መፍጠር ስላቃታቸው፥ በደፈናው «ተልእኮ» ተብሎ ተጻፈ። እኛ መዝገቡን ብናገላብጥ የምናገኘው በገዛ እጁ ያመነ ከዳተኛ ነው።

ሹኮቭ የፈጠራ ሰው ነው ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በነሐሴ 1941 የወጣው የስታሊን 270ኛ ትእዛዝ፥ እጁን የሰጠ አዛዥ እንደ ከዳተኛ እንዲቈጠርና ቤተ ሰቡ እንዲታሰር ያዝዝ ነበር። ደራሲውም ቢሆን በ1945 በደብዳቤ ስታሊንን ነቅፈሃል ተብሎ ስምንት ዓመት ታስሯል፤ በካዛኪስታን በኤኪባስቱዝ ካምፕም ግንበኛ ነበር።

ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጦ ያቈየን የዚሁ የግንብ ነገር ነው። እስረኞቹ በጥር ብርድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ይሠራሉ፤ የተቦካው ሲሚንቶ እንዳይደርቅባቸው ይጣደፋሉ። የመመለሻው ሰዓት ደርሶ ጠባቂዎቹ እየተቈጡ፥ ሹኮቭ ግን የተረፈው ሲሚንቶ እንዳይባክን ብሎ መገንባቱን አይተውም። ሊሄድ ሲልም ተመልሶ ግንቡን ያያል፤ ቀጥ ብሏል። አንድ ጓደኛችን ይህ ለአሳሪ ማጐብደድ ነው ብሎ ተከራከረን። እኛ አልተስማማንም፤ ግንቡ የመንግሥት ቢሆን ቀጥ ብሎ መቆሙ የሹኮቭ ነው። ከሽቦ አቅልጦ የሠራትን ማንኪያ በጫማው ሽጦ የሚዞረውም ይኸው ሰው ነው።

መጽሐፉ በኅዳር 1962 «ኖቪ ሚር» በተባለው መጽሔት የታተመው ክሩሽቼቭ ራሱ ስለ ፈቀደ ነው፤ የስታሊንን ሥራ ማጋለጥ በዚያን ጊዜ ይጠቅመው ነበርና። እርሱ በ1964 ከሥልጣን ወረደ። ደራሲውም በ1974 ዜግነቱን ተገፎ ከአገሩ ተባረረ፤ ያን የ1945ቱን ፍርድ ግን ያው መንግሥት በ1957 ሰርዞለት ነበር።