የመለኪያ ዘንግና የሕፃናት መድኃኒት፦ ስለ ጎንዮሽ ጉዳት አጭር የታሪክ ቅኝት

ማናቸውም መድኃኒት በልኩ ሲሰጥ ያድናል፤ ከልኩ ሲያልፍ ይጎዳል፤ ከልኩ ሲያንስ ደግሞ በሽታውን ሳይነቅል ታማሚውን ያደክማል። ይህ እውነት ለሐኪሞች የቆየ ትምህርት ቢሆንም፣ «ልክ» የሚለው ቃል ግን የሐኪሞች ብቻ አይደለም። መለካት፣ የመለኪያውን ስሕተት አስቀድሞ መገመት፣ ስሕተቱም ሰው ሳይጎዳ ሊፈቀድ የሚችልበትን ወሰን መወሰን የእኛ የመሐንዲሶች የዘወትር ሥራ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከጣና ዳርቻ እስከ ጎጃም ደጋ፣ በክልላችን ሕፃናት ላይ የመድኃኒት ጎንዮሽ ጉዳት በምን ዘዴ ሲመጠን እንደኖረ፣ የቱ እንደተሳካና የቱ ገና እንደቀረ ለማሳየት እንሞክራለን። ዘመኖቹ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከኮሶ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ የጣናን አካባቢ በጎበኘ ጊዜ ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ዛፍ ነበር፤ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉም ገልጾታል። ኮሶ በአገራችን ኑሮ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ለመረዳት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባላንጣዎች ንጉሠ ነገሥቱን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር የሚለውን ትውፊት ማስታወስ ይበቃል። የኮሶ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦና በውኃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። የሚመጠነው ግን በእጅ ነው። የአበባው ኃይል እንደ ትኩስነቱና እንደ ዛፉ ይለያያል፤ የአንዱ ሴት እፍኝ ከሌላዋ እፍኝ ይበልጣል ወይም ያንሳል። በመሆኑም ጠጪውን ማስመለስና ማዛል የተለመደ ነበር፤ መጠኑ ሲበዛም የዐይን ብርሃን እስከ መጉዳት እንደሚደርስ ሐኪሞች ጽፈዋል። በዚህ ረገድ የኮሶ ጉድለት የመድኃኒትነት ጉድለት አልነበረም፤ የመለኪያ ጉድለት ነበር።

ይሁን እንጂ ዘመናዊ መድኃኒት መጣ ማለት ችግሩ ተወገደ ማለት አይደለም። በ1918 እንግሊዛዊው ሐኪም ክሪስቶፈርሰን በካርቱም የብልሃርዝያን በሽታ በአንቲሞኒ መርፌ ማከም እንደሚቻል አስታወቀ። መድኃኒቱ ልብን የሚያውክና የሚያስመልስ ነበርና በጥንቃቄ፣ በተደጋጋሚ መርፌ ይሰጥ ነበር። በግብፅ ይኸው ሕክምና በዘመቻ መልክ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ሲካሄድ ቆየ። በኋላ በተደረገው ጥናት፣ በሚገባ ሳይቀቀሉ ከሰው ወደ ሰው ያለፉት መርፌዎች የጉበት በሽታ አምጪ የሆነውን የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ በሕዝቡ ውስጥ እንዳሠራጩ ታወቀ። መድኃኒቱ በትክክል ተመጥኖ፣ መስጫው መሣሪያ ግን ጉዳቱን አበዛው። ከዚህ የምንረዳው የጎንዮሽ ጉዳት ከመድኃኒቱ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ከአሰጣጡ ሥርዐትም ጭምር እንደሚመነጭ ነው።

በክልላችን የዚህ ትምህርት ታላቁ መፈተኛ ትራኮማ ነው። ይህ በሽታ የዐይን ሽፋንን ወደ ውስጥ እየቀለበሰ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እንዲፍቅ ያደርጋል። እናቶች የሚወጋቸውን ፀጉር በወረንጦ ሲነቅሉ መኖራቸው የዚሁ ሥቃይ ምስክር ነው። ለረጅም ዘመን የተሰጠው መድኃኒት የቴትራሳይክሊን የዐይን ቅባት ሲሆን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ6 ሳምንት መቀባት ነበረበት። ቅባቱ የልጁን ዐይን ያደበዝዛል፤ ልጁ ያለቅሳል፤ እናት በሥራ ተወጥራለች፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ቅባቱ ይተዋል። ትንሽ የሚመስለው የጎንዮሽ ምቾት ማጣት ሕክምናውን በሙሉ ያፈርሰው ነበር።

በ1980 በዛግሬብ ከተማ የፕሊቫ ኩባንያ ተመራማሪዎች አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ሠሩ። በ1993 በጋምቢያ የተደረገ ጥናት ውጤት አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ መጠን ከ6 ሳምንቱ ቅባት እንደማያንስ አሳየ። በ1998 ፋይዘር ኩባንያ መድኃኒቱን በነጻ የሚሰጥበት ዓለም አቀፍ ድርጅት ተቋቋመ። በዐማራ ክልልም መቀመጫው ባሕር ዳር የሆነው የጤና ቢሮ ከካርተር ማእከል ጋር በመሆን የዘመቻውን ሥራ ያዘ፤ በ2008 የወባንና የትራኮማን ሥራ በአንድ ሳምንት የሚያጣምረው ዘመቻ ተጀመረ። በክልሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተሰጠው መጠን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆኗል።

ጥያቄው ይህን ያህል ሕዝብ፣ ያውም አብዛኛው ሕፃን ሆኖ፣ በምን ይመጠናል የሚል ነበር። የሕፃን መጠን በኪሎ ግራም 20 ሚሊ ግራም ነው። ሚዛን በየቀበሌው ማዞር ከባድ ነው፤ የጸደይ ሚዛን በመንገድ መንገላታት ትክክለኛነቱን ያጣል፤ ዕድሜም ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ በግምት ይነገራል። መፍትሔው እጅግ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም የልጁን ቁመት የሚለካና ምን ያህል መድኃኒት እንደሚሰጥ በምልክት የሚያሳይ ዘንግ ነው። የቁመትና የክብደት ዝምድና በስሌት ተጠንቶ በዘንጉ ላይ ሰፈረ። ለብልሃርዝያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴልም እንዲሁ በዘንግ ይመጠናል፤ ዒላማው በኪሎ ግራም 40 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ዘንጉ የተሰላው ከ30 እስከ 60 ባለው ውስጥ እንዲወድቅ ነው።

እዚህ ላይ መሐንዲስ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ዘንጉ ትክክለኛ መለኪያ አይደለም። ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው ልጆች አንዱ ቢከሳ፣ የከሳው ለክብደቱ የበዛ መድኃኒት ይደርሰዋል። ዘንጉን ተቀባይ ያደረገው መድኃኒቱ ሰፊ የደኅንነት ወሰን ያለው መሆኑ ነው። በመሆኑም ብዙውን ጊዜ የሚታየው ጉዳት ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ሆኖ ቶሎ ያልፋል። ዕድሜያቸው 6 ወር ላልሞላ ሕፃናት ግን የሚዋጠው ቀርቶ ቅባቱ ይሰጣል። ወሰኑ ጠባብ ለሆነ መድኃኒት ይህን ዘንግ መጠቀም ከቶ አይፈቀድም።

ከመጠን በተጨማሪ የአዋዋጥ ነገር አለ። በ2007 በአገራችን በተካሄደ የአንጀት ትል መድኃኒት ዕደላ፣ ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች የሆኑ 4 ሕፃናት ትልቁ ክኒን ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅሮ ሞተዋል። ኬሚካሉ አልመረዛቸውም፤ የገደላቸው የክኒኑ ቅርጽና የአሰጣጡ ጥድፊያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለትናንሽ ሕፃናት ክኒኑ በሁለት ማንኪያ መካከል ተፈጭቶ በውኃ እንዲሰጥ፣ የሚያለቅስ ልጅም በግድ እንዳይግት መመሪያው ያስጠነቅቃል። አዚትሮማይሲንም ዛሬ ዕድሜው 7 ዓመት ላልሞላ ወይም ቁመቱ ከ120 ሳንቲ ሜትር ላነሰ ልጅ በፈሳሽ መልክ ይታደላል።

በአንጻሩ፣ ጎንዮሽ ጉዳት በእያንዳንዱ ልጅ ዘንድ ለዓመታት የሚከታተሉት መድኃኒትም አለ። በ1937 አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ብራድሊ፣ ከምርመራ በኋላ ራሳቸውን ላመማቸው ሕፃናት ቤንዜድሪን ሰጥቶ፣ ራስ ምታቱ ሳይሻል ትምህርታቸው መሻሻሉን አየ። በ1944 ሜቲልፌኒዴት ተሠራ፤ ሪታሊን በሚል ስምም ለትኩረት ማነስና ለቅብጥብጥነት መታከሚያ ሆነ። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ይቀንሳል። በ1972 የወጣ ጥናት ደግሞ የልጆችን እድገት እንደሚያዘገይ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር፣ ከቁርስ ጋር መስጠት፣ ወደ ማታ አለመስጠት፣ ቁመትና ክብደትንም በየጊዜው መመዝገብ ደንብ ሆነ። በእኛ ዘንድ ቁመት የሚለካው መድኃኒቱን ለመመጠን ነው፤ በዚያ ደግሞ መድኃኒቱ ያደረሰውን ጉዳት ለማወቅ ነው። መሣሪያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ልጁ በአንድ ቀን ታይቶ መሄዱ ወይም ተመልሶ መለካቱ ነው።

የእኛም ዘመቻ ተመልሶ መለካትን ይሻል፤ ምክንያቱም በአንድ ልጅ ላይ የማይታይ ጉዳት አለና። በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከ2006 ጀምሮ የተካሄደው ጥናት ሁለት ነገሮችን በአንድነት አሳየ። አንደኛ፣ መድኃኒቱ በተሰጠባቸው ቀበሌዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናት የመሞት ዕድል በግማሽ ያህል ቀነሰ። ሁለተኛ፣ በየ3 ወሩ በታደለባቸው ሰፈሮች፣ መድኃኒቱን የሚቋቋም የሳንባ ምች ተሕዋስ የተገኘባቸው ሕፃናት በአንድ ዓመት ከመቶ 3.6 ወደ 46.9 ከፍ አሉ። ዕደላው ሲቆም ይህ ቁጥር እየቀነሰ መሄዱም ተረጋግጧል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሕይወት ያተርፋል፤ ሲደጋገም ግን ነገ ለሚያስፈልገን ሌላ ሕክምና ዕዳ ያስቀምጣል። ይህን ዕዳ ማንም ዘንግ አይለካውም።

ታዲያ የዚህ ዕዳ መቀነሻ ከየት ይመጣል? የትራኮማ መከላከያ ስልት አራት ክፍል አለው፤ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ማሻሻል። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ የሐኪሞች ናቸው። ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ግን ያለ ጉድጓድ፣ ያለ ምንጭ ማጎልበት፣ ያለ ቧንቧና ያለ መጸዳጃ ቤት ባዶ ቃል ናቸው። እናት ልጇን የምታጥበው ውኃ በቅርብ ካገኘች ነው። በየገጠሩ የሚቆም እያንዳንዱ የውኃ ቦኖ፣ ሳይበላሽ እስከሠራ ድረስ፣ የመድኃኒቱን ዙር ለማሳጠር ያግዛል፤ ዙሩ ሲያጥርም ጎንዮሽ ጉዳቱ አብሮ ይቀንሳል። የባሕር ዳር ሐኪሞች ዘንጉን ይዘው የሚሠሩትን ሥራ እኛ የውኃውን ሥራ ይዘን ካልተከተልነው፣ ልጆቻችን በየዓመቱ ዘንጉ ሥር መቆማቸው አይቀርም። የማኅበራችን አባላት የምንሠራውን የውኃ ፕሮጀክት በሜትር ኩብ ብቻ ሳይሆን፣ ከዘንጉ ሥር ባወጣናቸው ሕፃናት ቁጥርም ልንለካው ይገባናል።