የሐዲዱ ዳር ዜማ፦ አሊ ቢራና የ1960ዎቹ ድሬዳዋ

ከዚህ ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ በረሃውን እያቋረጠ ወደ ደጋው ያቀና የነበረው የቀድሞው ምድር ባቡር ያመላለሰው ሸቀጥ ብዙ ጊዜ ተጽፎለታል። ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅና ነዳጅ ወደ ላይ፤ ቡና፣ ቆዳ፣ አትክልትና ጫት ወደ ታች። በጭነት ደብተር ላይ ሳይሰፍር፣ ቀረጥ ሳይከፈልበት፣ በኬላ ሳይፈተሽ ሲመላለስ ስለ ኖረው አንድ ዕቃ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ይህም ዕቃ ዘፈን ነው።

በዚህ መሥመር ግራና ቀኝ ከተሰሙት ድምፆች መካከል የአሊ መሐመድን፣ ሁላችንም «አሊ ቢራ» እያልን የምንጠራውን ሰው ድምፅ የሚስተካከል ማግኘት ያስቸግራል። ኦሮምኛ የማያውቀው እንኳ ቃሉን ሳይረዳ ዜማውን አብሮ ያንጎራጉራል። በሠርግ ቤት ሲሰማው ትከሻው ይነቃነቃል፤ በበርጫ መሐል ሲሰማው ወሬውን አቋርጦ ዝም ይላል። ለዚህ ድምፅ ያለን ፍቅር የታወቀ ነው። ድምፁ በምን ዋጋ እንደ ተገኘ፣ ይህች የምንኖርባት ከተማስ በታሪኩ ውስጥ ምን ድርሻ እንደ ነበራት የምናስታውስ ግን ጥቂቶች ነን። ይህ ጽሑፍ ያንን ለማስታወስ የተዘጋጀ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሐዲዱ የወለዳት ከተማ

የባቡር ሐዲዱ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መገባደጃ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርስ፣ አቀበቱ ስለ ከበደው ጥንታዊቱን ከተማ በስተቀኝም በስተግራም ሳይነካ በቆላው በኩል አለፈ። ድሬዳዋ የተቈረቈረችው በዚህ ምክንያት ነው። መሥመሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነውና፣ በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ድሬዳዋ የነጋዴው ሁሉ መናኸሪያ ሆነች። ደቻቱ ወንዝ ከተማይቱን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንዱ ወገን የምድር ባቡር ሹማምንትና የውጭ አገር ሰዎች የሰፈሩበት፣ ጎዳናው በመሥመር የተቀየሰው ከዚራ፣ በሌላው ወገን የገበያው ሰፈር መጋላ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመናዊው ዐረብ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ገበያ ሲገናኙ፣ ድሬዳዋ ሰላምታው እንኳ በብዙ ቋንቋ የሚደበላለቅባት ከተማ ሆነች።

አሊ የተወለደው በዚችው ከተማ፣ ገንደ ቆሬ በሚባለው ሰፈር ነው። ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ተለያይተው ያደገው ከአባቱ ዘንድ ነበር። የተማረበት ሌላ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱ ሰፈሩና ገበያው ነው። በሻይ ቤቱ የሚከፈተው ሬዲዮ የካይሮን፣ የኦምዱርማንን፣ የዐደንንና የሐርጌሳን ዘፈን ያሰማል። በሲኒማ ቤት የሕንድ ፊልም ዜማ ይለቀማል። ከቀይ ባሕር ማዶ የተሻገረው ዑድ በየመናውያንም በሶማሌዎችም ቤት ይመታል። ኋላ አሊ በኦሮምኛ ብቻ ሳይወሰን በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛና በዐረብኛ መዝፈኑ የዚህ ሰፈር ፍሬ ነው እንጂ የመድረክ ጥበብ ማሳያ አይደለም። የሰፈር ጓደኛን በቋንቋው ማናገር ለድሬ ልጅ ወግ ነው።

ከዚህ ሁሉ ድምፅ መካከል ግን አንዱ ጐድሎ ነበር። በከተማይቱና በዙሪያዋ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚናገረው ኦሮምኛ፣ በዘመናዊ መሣሪያ ታጅቦ በመድረክ ላይ እምብዛም አይሰማም ነበር። ገበሬው በማሳው፣ እረኛው በሜዳው፣ ሴቶች በእልልታቸው መሐል የሚዘፍኑት የበለጸገ ዜማ ቢኖርም፣ የከተማው ሠርግ ሲሠረግ ዑዱ የሚመታው ለሌሎች ቋንቋዎች ነበር። ትምህርት ቤቱም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ማተሚያ ቤቱም ለኦሮምኛ ዝግ በነበሩበት በዚያ ዘመን፣ ወጣቱ የእናቱን ቋንቋ በአደባባይ ለማሰማት ያፍር ዘንድ ተገድዶ ነበር ማለት ይቻላል።

ብራ ሲጠባ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋ የተሰባሰቡ ወጣቶች ይህን እፍረት ለመስበር ተነሡ። ያቋቋሙትን የባህል ቡድን «አፍረን ቀሎ» አሉት። ስያሜው የተወሰደው ከሐረርጌ ኦሮሞ የትውልድ ሐረግ ነው፤ የቀሎ አራት ልጆች አላ፣ ባቢሌ፣ ዳጋና ኦቦራ የሚወሱበት ነው። ከዚሁ እንቅስቃሴ ጋር «ኡርጂ በከልቻ» የተባለውም ቡድን ይነሣል፤ ትርጓሜውም የንጋት ኮከብ እንደ ማለት ነው። መድረካቸው የሠርግ ድንኳንና የበዓል ቀን ጨዋታ፣ ገንዘባቸውም ከወዳጅ ዘመድ የሚለቀም ነበር። የገጠሩን ዜማ ከዑድ፣ ከከበሮና ከከተማው ምት ጋር አዋደዱት። ሠርገኛው በገዛ ቋንቋው ሲዘፈንለት ሲሰማ የተሰማውን ኩራት መገመት አያዳግትም።

አሊ ወደዚህ ቡድን የገባው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መባቻ ላይ ነው። በመጀመሪያ ይዞት የወጣው ዘፈን «ብራ ዻ በሪኤ» የሚባል ሲሆን፣ የክረምቱ ጨለማ አልፎ ብራ መጥባቱን የሚያበሥር ነበር። ሕዝቡ ዘፈኑን ከልጁ ጋር አንድ አድርጎ ስላየው «አሊ ብራ» እያለ ጠራው፤ ስሙም በዚያው ጸና። በአማርኛ ጽሕፈት ስሙ «ቢራ» ተብሎ ስለ ተለመደ ከመጠጡ ጋር የሚያዛምደው አይጠፋም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። እኛም በአማርኛችን ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ «ብራ ሆነ» እንላለን፤ ቃሉ ሁለቱ ቋንቋዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ነው። በልጅ አንደበት የተዘፈነ የወቅት ዘፈን ቢመስልም፣ አድማጩ ከዝናቡ ማባራት የሰፋ ተስፋ ሰምቶበታል።

ይህን ተስፋ የሰማው ሕዝቡ ብቻ አልነበረም። ዘመኑ ለመንግሥት የሥጋት ዘመን ነበር። በ1963 በባሌ ዐመፅ ተቀስቅሷል፤ በዚያው ዓመት የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተመሥርቷል፤ በ1964 የካቲት ገደማ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በድንበር ተዋግተዋል። በድንበር አቅራቢያ በምትገኝ ከተማ፣ ባልተለመደ ቋንቋ ወጣቱን የሚሰበስብ ቡድን በዐይነ ቍራኛ መታየቱ አልቀረም። አባላቱ መታሰር፣ ቡድኑም መበተን ጀመረ። ስለ ፍቅርና ስለ ወቅት የሚዘፍን ታዳጊ ልጅ እንደ ፖለቲከኛ የተቈጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጅቡቲ፦ የተዘጋው በር

በ1965 አሊ እንደ እርሱው የቡድኑ ድምፃዊ ከነበረው ከአሊ ሸቦ ጋር ሐዲዱን ተከትሎ ወደ ጅቡቲ ሸሸ። ለድሬዳዋ ሰው ጅቡቲ የሩቅ አገር አልነበረችም። የአንዱ ቤተሰብ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ነው፤ ጧት ከለገሃር የተነሣ ሰው ማምሻውን በሌላው ለገሃር ዘመድ ይቀበለዋል። ለዘማሪ ደግሞ ከተማይቱ የራሷ መስሕብ ነበራት። በ1940ዎቹ አብዲ ሲኒሞ የተባለው የጭነት መኪና ሹፌር «በልዎ» የተሰኘውን አጭር የፍቅር ዘፈን ያስፋፋው በዚህ አካባቢ፣ በጅቡቲና በቦረማ መካከል ባለው ጎዳና ሲመላለስ ነው። በልዎን የሃይማኖት አባቶች ቢያወግዙትም ከወጣቱ ልብ ሊነጥቁት አልቻሉም፤ እያደር ዑድና ከበሮ ተጨምሮበት «ሄሎ» ለሚባለው ለዘመናዊው የሶማልኛ ዘፈን መሠረት ሆነ። እንግዲህ አንዱን ዜማ መኪና፣ ሌላውን ባቡር አሰራጨው። አንዱን የሃይማኖት አባት፣ ሌላውን የመንግሥት ሹም ተቈጣው። ሁለቱም ግን ቍጣውን አልፈው ኖሩ።

ይሁንና የ1965ቷ ጅቡቲ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች። ከደጋው የሚመጣን ወጣት አስተዳደሩ የሚያየው በወረቀቱ እንጂ በዘፈኑ አልነበረም። ልጆቹ የይለፍ ወረቀት አልያዙም ነበርና ተይዘው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ይህም ከመባባሱ በፊት ነው። በነሐሴ 1966 ጄኔራል ደ ጎል ከተማይቱን ሲጐበኙ ለነጻነት ሰልፍ የወጣው ሕዝብ ከጸጥታ ኃይሎች ጋር ተጋጨ፤ በመጋቢት 1967 ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ብዙም ሳይቈይ ከተማይቱ በእሾሃማ ሽቦ ታጠረች። ዛሬ የከተማይቱን ሽማግሌዎች ስለዚያ ሽቦ የጠየቀ ሰው፣ በጨለማ ሲሻገሩ ስለ ቀሩት ሰዎች የሚነገረውን መራራ ታሪክ ይሰማል። ከአሊ የሚጠብቀው ሽቦው ሳይሆን የድሬዳዋ እስር ቤት ነበር። ከፍቅር ዘፈን በቀር ሌላ መሣሪያ ያልያዘ ልጅ ዕድሜው ሳይደርስ ወህኒ ወረደ።

ከወህኒ ወደ ክቡር ዘበኛ

የታሪክ ምፀት የሚታየው ከዚህ በኋላ ባለው ምዕራፍ ነው። ከእስር ወጥቶ አዲስ አበባ የገባው ወጣት፣ ጥቂት ቈይቶ የንጉሠ ነገሥቱ የገዛ ጠባቂ በሆነው በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተቀጠረ። መንግሥት በአንድ እጁ ያሰረውን ድምፅ በሌላ እጁ ደመወዝ ይከፍለው ጀመር ማለት ነው። የክቡር ዘበኛ መድረክ በዚያ ዘመን የጥላሁን ገሠሠ፣ የማሕሙድ አሕመድና የብዙነሽ በቀለ ቤት ነበር። ጥላሁንም ቀደም ሲል በኦሮምኛ መዝፈኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። አሊ በነፋስ መሣሪያ የታጀበ ሙሉ ኦርኬስትራን ያወቀው በዚህ ነው፤ በአንጻሩም የወታደር ቤት ሥርዐት ለድሬ ልጅ ጠባይ የሚስማማ አልነበረምና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተለያዩ።

በ1971 ያወጣው ሥራ የመጀመሪያው የኦሮምኛ አልበም ተብሎ ይጠቀሳል። በዚያን ጊዜ ኦሮምኛ ገና ይፋዊ ፊደል አልነበረውም፤ የላቲኑ ቁቤ የተመረጠው ከሃያ ዓመታት በኋላ፣ በ1991 ነው። ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ቋንቋውን ለከተሜው ወጣት ሲያስተምር የኖረው መጽሐፍ ሳይሆን ሸክላና ካሴት ነው። ግጥሙን በቃሉ ያጠና ልጅ ሳያውቀው ቋንቋውንም ያጠና ነበር። ካሴት ደግሞ የይለፍ ወረቀት አይጠየቅም። በኪስ ይገባል፣ በባቡር ይጫናል፣ አንዱ ከሌላው ይገለብጠዋል። ሰውዬው ሊሻገረው ያልቻለውን ድንበር ድምፁ ያለ ፈቃድ ተሻገረው።

አሊ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በስዊድንና በካናዳ ጭምር በስደት ኖረ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። «ኢትዮፒክስ» በተባለው ዝነኛ ተከታታይ ኅትመትም 28ኛው ቅጽ የእርሱ ሆነ። በመጨረሻም ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በኅዳር 6 ቀን 2022 በአዳማ ሕይወቱ አለፈ። ሥርዐተ ቀብሩ የተፈጸመው በተወለደባት በድሬዳዋ ነው።

ትዝታና ዕዳው

ስለ ስድሳዎቹ ድሬዳዋ ስናወራ ማር እየላስን እንድናወራ የሚያደርገን ብዙ ነገር አለ፤ የከዚራ የጥላ ዛፎች፣ የባቡሩ ፉጨት፣ የመጋላ ሽታ፣ ሰውን ሁሉ «አቦ!» ብሎ የሚያቀርበው የድሬ ልጅ ጨዋታ። ትዝታው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ያቺው ደግ ከተማ፣ ያው ደግ ዘመን፣ አንድን ልጅ በእናቱ ቋንቋ ስለ ዘፈነ አስረውታል። ይህችው እንግዳ ተቀባይ ጅቡቲም በባዕድ አስተዳደር እጅ ሳለች በሯን ዘግታበታለች። ዜማውን ወድደን ታሪኩን ብንረሳ፣ ማሩን ልሰን ንቧን እንደ መርሳት ይሆንብናል። በተለይ እኛ አማርኛ አንባብያን፣ ቋንቋችን በየመድረኩ ሲነገር ለኖረ ሰዎች፣ የሌላውን ቋንቋ ዝምታ ማስተዋል ቀላል ሆኖ አያውቅም። የአሊ ዘፈኖች ያንን ዝምታ ያሰሙናል፤ ያሰሙን ግን በቍጣ ሳይሆን በፍቅር ዜማ ነው። ኀይላቸውም ከዚያ ይመነጫል።

አሮጌው ባቡር ዛሬ አይፉጭም። ከ2016 እና ከ2017 ምረቃዎች ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ከነጋድ ጣቢያ ይነሣል፤ የጥንቶቹን የለገሃር አዳራሾች ግን አያውቃቸውም። በአሮጌው መሥመር የተመላለሱት ሠራተኞች፣ ካሴት ገልባጮች፣ የሠርግ ዑድ መቺዎችና አድማጮቻቸው ቍጥራቸው ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። በዚህች ከተማ በየሰፈሩ በዕድሜ የገፉ የድሬዳዋ ተወላጆች አሉ። በየሣጥኑ ሥር አቧራ የለበሰ ካሴት፣ በስተጀርባው በእጅ የተጻፈ ቀን ያለው የሠርግ ፎቶግራፍ አይጠፋም። እነዚህን የያዛችሁ አዛውንት ለልጆቻችሁ አጫውቱ፤ ልጆችም ጠይቁ፣ ጻፉ፣ ቅዱ። በእንግድነት በር የተዘጋበትን ልጅ፣ ከዘመናት በኋላም ቢሆን፣ በትዝታችን ቤት ማሳደር አንችልም አይባልም።