«ጆይንት» ወይስ መጋጠሚያ?

የኩሽና ካቢኔት በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ሰዎች «ጆይንቱን በምን ላድርገው?» ሲሉ ቪቱንም፣ ኮላውንም፣ የእንጨት ካስማውንም በአንድ ቃል ይጠቀልሉታል። አማርኛ ግን ይለያቸዋል፤ ቪት ያስራል፣ ኮላ ያጣብቃል፣ ተጠርቦ የተዋደደ እንጨት ይጋጠማል። «ገጠመ» እንዴት ያለ ሰፊ ግስ ነው! የድስቱ ግጣምም የባለቅኔው ግጥምም ከእሱ ወጥተዋል። ስለዚህ ጆይንትን «መጋጠሚያ» ብንለው ደስ ይለኛል፤ ቪቱ ማሰሪያ ይባል። ልዩነቱ እንጨቱ ላይ ይታያል። በችፑድ ጠርዝ የገባ ቪት የሚነክሰው ፍርፋሪ ስለሆነ ቶሎ ይላላል፤ የኤምዲኤፍ ጠርዝም አስቀድሞ ካልተበሳ ይሰነጠቃል። በ18 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ 8 ሚሊ ሜትር ካስማ ከኮላ ጋር ይሻላል። ለመደርደሪያ ግን ቦይ አውጥቶ ማጋጠምን እመርጣለሁ፤ የድስቱንና የሳህኑን ክብደት ቪቱ ሳይሆን ቦዩ ራሱ ይሸከመዋል።