ውልና ኪዳን በአራዳ

ኪዳን የሚለው ቃል በአገራችን የክርስትና ሕይወት ውስጥ በየስፍራው ይሰማል። ቅዱሳት መጻሕፍት ብሉይ ኪዳንና ሐዲስ ኪዳን ይባላሉ፤ ጧት ጧት በአድባራቱ የሚደርሰው ጸሎት ጸሎተ ኪዳን ነው፤ የካቲት 16 ቀን የሚከበረው የእመቤታችን በዓል ኪዳነ ምሕረት ይባላል፤ በቅዱሳን ገድልም ፍጻሜ ለጻድቁ ወይም ለሰማዕቱ የተሰጠው ቃል ኪዳን ይነበባል። ቃሉ ይህን ያህል የተለመደ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፣ ሕዝባችን ኪዳንን ከውል ለይቶ እንደሚያውቅ፣ የልዩነቱም ዋና ነገር ኪዳን ከተጣሰ በኋላ የሚታደስ መሆኑ እንደ ሆነ ነው። ለምስክርነትም የአራዳን ሰፈር ታሪክ አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ቃሉን እንመልከት። የግእዙ ግስ ተካየደ ሲሆን ትርጓሜው ተማማለ፣ ቃል ተጋባ ማለት ነው፤ የግሱም አካሄድ ሁለት ወገኖች መኖራቸውን ያሳያል። ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርእ የመለሱት ሊቃውንት ግን ብሪት ለሚለው ቃል ሲንቴኬ የሚለውን፣ የእኩዮች ስምምነት የሚባለውን ትተው፣ አንድ ሰው ለወራሾቹ የሚተወውን ኑዛዜ የሚያመለክተውን ዲያቴኬ የሚለውን መረጡ። በዚህም ሰጪው እግዚአብሔር ብቻ እንደ ሆነ ግልጽ አደረጉ። የእኛ ቃል የሁለቱን ወገን ግንኙነት ጠብቆ ስለ ቆየ፣ ሰው ከፈጣሪው ጋር እንደ ነጋዴ የሚከራከር ሊመስል ይችላል።

ይህን ስሕተት የሚያርመው በአባቶቻችን ትምህርት ውስጥ ያለው የአዳም ታሪክ ነው። አዳም ትእዛዝ አፍርሶ ከገነት ከወጣ በኋላ፣ ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ አድንሃለሁ የሚል ተስፋ ተሰጠው፤ አንዱም ቀን እንደ ሺሕ ዓመት ስለሚቈጠር ጠቅላላው 5500 ዓመት ይሆናል። እንግዲህ ተስፋው የተነገረው ላፈረሰው ሰው፣ ካፈረሰም በኋላ ነው። የዘመን አቈጣጠራችንም የቆመው በዚሁ ተስፋ ላይ ነው፤ በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ 2016 ዓመተ ምሕረት 7516 ዓመተ ዓለም ነው። ደብዳቤ በጻፍን ቍጥር በግርጌው የምናኖረው ዓመተ ምሕረት የሚለው ቃል የዚያ ተስፋ መፈጸም መታሰቢያ ነው።

አሁን ወደ አራዳ እንመለስ። በጣልያን ወረራ ዘመን ታላቁ ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ እስኪዛወር ድረስ የአዲስ አበባ ገበያ በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ የመተሳሰሪያ መንገዶች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። በገበያው ሻጭና ገዥ በምስክርና በዋስ ፊት ይዋዋላሉ፤ አንደኛው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ሌላው ከግዴታው ይወጣል ወይም ዳኛ ይጠይቃል። በደጀ ሰላሙ ግን ሌላ ልማድ አለ። ወር በገባ በ23 ቀን ምእመኑ ለሰማዕቱ የተሳለውን ጧፍ፣ ጥላ ወይም ምንጣፍ ይዞ ይመጣል፤ ማኅበርተኛውም ጽዋውን ያነሣል፣ ዝክሩን ይዘክራል። ስለቱን ያዘገየ ሰው ይፈራል፤ ሆኖም ግንኙነቱ ተቋረጠ ብሎ አይቀርም፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ይዞ ይመጣል። በውል ያፈረሰ ሰው ከውሉ ይወጣል፤ በኪዳን ያፈረሰ ሰው ይመለሳል።

ደብሩ ራሱ የዚህ ልዩነት ሐውልት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ ምክንያት አለመግባባት አስነሣ፤ ፍጻሜውም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት የዐድዋ ጦርነት ሆነ። ዐፄ ምኒልክ ከድሉ በኋላ ያሠሩት ባለ ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን እንግዲህ ከፈረሰ ውል በኋላ የቆመ የኪዳን ቤት ነው፤ ታቦትም የኪዳኑ ጽላት ማደሪያ ነውና። ንግሥት ዘውዲቱ በየካቲት 1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ደብር ነው።

የኪዳኑ ፈተና በወረራው ዘመን መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ በማለታቸው በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። በደብሩ ፊት ለፊት የቆመው የዐፄ ምኒልክ ሐውልት ተነቀለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በተጀመረው ጭፍጨፋ ጊዜም ቤተ ክርስቲያኑ በእሳት ተቃጠለ። የዐድዋን ድል የዘላለም ዋስትና አድርጎ ለተመለከተ ሰው ይህ የኪዳን መፍረስ መስሎ ሊታየው ይችል ነበር። ነገር ግን ነቢዩ ኤርምያስ ስለ አዲስ ኪዳን የተናገረው ኢየሩሳሌም በጠፋችበት ዘመን እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። የመጽሐፉ ኪዳን ሕዝብን ከመከራ የሚያግድ ቅጥር አይደለም፤ በመከራው ውስጥ የማይቋረጥ ዝምድና ነው።

ከነፃነት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ታደሰ፤ ሐውልቱም ወደ ስፍራው ተመለሰ። እድሳቱ ግን የቀድሞውን መልክ በመመለስ ብቻ አላበቃም። ውስጡ በአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች አጌጠ፤ ለአቡነ ጴጥሮስም መታሰቢያ ሐውልት ቆመላቸው። የታደሰው ሰፈር ቀድሞ ያልነበረውን የሰማዕትነት ትዝታ ጨምሮ ያዘ። ከምርኮ የተመለሱት እስራኤል የሠሩት መቅደስ ከሰሎሞን መቅደስ የተለየ እንደ ነበረ ሁሉ፣ የሚመለስ ነገር ያለፈውን ጠባሳ ይዞ ይመለሳል።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆሟል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የዐድዋ ድል መታሰቢያ በአካባቢው ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዪቱ ክፍሎች ተዛወሩ። ድንጋይን አንሥቶ መመለስ ይቻላል፤ አጥቢያ ግን የሰዎች ዝምድና ነው። ቤቱ የፈረሰበት ማኅበርተኛ ጽዋውን የት ያነሣል? በሩቅ ሰፈር የሚኖረውስ በ23 ቀን ወደ ቀድሞው ደብሩ ይመጣልን?

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ አመለክታለሁ። የአራዳን ማኅበራት ሥርዓት፣ የዝክሩን ተራና የስለቱን ታሪክ ከሽማግሌዎችና ከእናቶች አፍ ሰምታችሁ አሁኑኑ ጻፉ። የቤቱን ውል መዝገብ ቤት ይጠብቀዋል፤ ኪዳኑን ግን የሚጠብቀው የሚያስታውስ ሰው ነው።