ሹፌሩ የተቀመጠበት ቆዳ

በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተነሳ የሊሙዚን ፎቶ ካጋጠማችሁ መብራቱንና ጎማውን ተዉትና ወንበሩን እዩት። ባለቤቱ ከኋላ፣ በመስታወት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ሹፌሩ ከፊት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጣሪያ እንኳ የለውም። የባለቤቱ ወንበር የለበሰው ምርጥ የሱፍ ጨርቅ ነው። ቆዳው የሹፌሩ ነው።

ነገሩ ከፈረስ ጋሪ የተወረሰ ነው። ቆዳ ዝናብ ይችላል፣ ጭቃም ቢነካው በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው። ስለዚህ ውጭ ለሚቀመጠው ቆዳ፣ ውስጥ ለሚቀመጠው ጨርቅ። ዛሬ ደላላው «ፉል ሌዘር እኮ ነው!» እያለ ዋጋ የሚሰቅልበት ነገር ያኔ የሥራ ልብስ ነበር፤ እንደ ቱታ በሉት።

በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ የመጣው ሲድሌይም ክፍት መኪና ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የክፍት መኪና ወንበር ቆዳ ነው። መኪናው ለአዲስ አበባ ሰው ጉድ ቢሆንም ቆዳው ግን አዲስ አልነበረም። ኮርቻው ቆዳ፣ እህሉ የሚጫንበት ስልቻ ቆዳ፣ ስንቁ የሚያዝበት አገልግል በቆዳ የተለበጠ፣ አልጋው በጠፍር የተወጠረ፣ የዳዊቱ ማኅደር ቆዳ። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ግን «ፋቂ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። አብሮት የማይበላ፣ ልጁን የማይድርለት ብዙ ነበር። የእጁ ሥራ እልፍኝ ይገባል፣ እሱ ደጅ ይቀራል።

አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የቆዳው ዕጣ የተገለበጠው መኪናው ጣሪያ ሲያገኝ ነው። ዝናቡ ሲቀር የቆዳው ግዴታም ቀረ። ጨርቅ የተራው ሰው መኪና ልብስ ሆነ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ፕላስቲኩ መጣና የሚጠረገውን፣ የማይበሰብሰውን፣ የሥራውን ወንበር ቦታ ያዘ። ቆዳ ሥራ ሲፈታ ጌታ ሆነ። በ1878 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ኮኖሊ የተባለ ድርጅት ለሮልስ ሮይስና ለጃጓር ቆዳ እያቀረበ ስሙ ራሱ የክብር ምልክት ሆኖ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። ታሪኩ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው የመኪናዋ ትንሽነት ነው። እኔ ግን የማስበው ወንበሯን ነው። ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሥ፣ ሁለት በር ብቻ ባላት መኪና የፊቱ ወንበር ታጥፎላቸው ወደ ኋላ ገቡ። የዚያ ዘመን ቮልስ ወንበር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። አባቴ ትቶልኝ የሄደው የ1982 (እ.ኤ.አ.) መርሴዲስ ነው፤ ደብልዩ 123 የሚባለው፣ ከ1976 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ወደ 2.7 ሚሊዮን የተመረተው። የሹፌሩ ወንበር በግራ በኩል፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ የሚታሸው ጠርዝ፣ ተሰነጣጥቆ ስፌቱ ተተርትሯል። «ሽጠው» የሚሉኝ አሉ። ሸጬ ምን ልገዛ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ዋጋ ሰቀለው፤ በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። ሞተሩ ደግሞ ጤነኛ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር ሒሳቡ ሰበብ ነው፤ ያ ወንበር የጎደጎደው በአባቴ ክብደት ነው።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ወንበር ሰፊ በሐሳብ አልደከመም። «ገፈን እንጥለውና አዲስ ሌዘር እናልብስልህ፣ በሁለት ቀን ያልቃል» አለኝ። እዚህ ከተማ «አዲስ ሌዘር» ሲባል ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ማለት ነው። ሁለተኛው ጋ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው፣ ስድሳውን ያለፉ ይመስለኛል። ምንም ሳይናገሩ ወንበሩን ገልብጠው ከሥር ያለውን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ። የፕላስቲክ ጀርባ የተሸመነ ጨርቅ ነው፤ የቆዳ ጀርባ እንደ ከፈይ ይሻክራል። «መቀመጫው ቆዳ ነው» አሉኝ። «በሩ ላይ ያለው ግን አይደለም።» ልክ ናቸው፤ ፋብሪካው ራሱ ቆዳ ያለበሰው ሰው የሚነካውን ክፍል ነው፣ የተቀረውን በፕላስቲክ ጨርሶታል።

«ቅባት ልቀባው እንዴ?» አልኳቸው። ብዙ ሰው ቫዝሊን ይቀባል፣ ቅቤ የሚቀባም አይቻለሁ።

«ለጫማህ ነው? ሱሪህን ታበላሻለህ እንጂ እሱ አይጠጣም።»

የማይጠጣበት ምክንያት ታሪክ አለው። ድሮ ቆዳ የሚለፋው በዕፀዋት ነበር፤ እኛ ዘንድ ለምሳሌ በግራር ቅርፊት። ሥራው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በ1884 (እ.ኤ.አ.) አውጉስተስ ሹልትስ የተባለ ሰው አሜሪካ ውስጥ በክሮም ጨው የማልፋት ዘዴ ፓተንት አወጣ፤ የወራቱ ሥራ ወደ ቀናት ወረደ። የዘመናችን የመኪና ቆዳ አብዛኛው በዚህ መንገድ የለፋ ነው፤ ከዚያ በላዩ ቀለም ይነፋበታል። ስለዚህ የምንቀመጠው በቀለም ላይ ነው። መጀመሪያ የሚሰነጠቀውም ቀለሙ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ያ ጨረር ቀለሙንም ክሩንም ይበላል። ቆዳው «ሞተ» ከሚባልባቸው ወንበሮች ስንቱ ላይ የሞተው ክሩ ብቻ እንደሆነ ጋሼ ሲያሳዩኝ ገረመኝ።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ የዓመታቱን ላብና ቅባት በለስላሳ ሳሙና አነሱለት። የሻከረውን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ። ዘልቆ በተቀደደው ስንጥቅ ሥር ስስ ጨርቅ አስገብተው አጣበቁ፤ ላዩን እንደ ስቱኮ ባለ፣ ግን በሚተጣጠፍ መሙያ ደፈኑት፤ ከዚያ ቀለም፣ በስሱ፣ እያደረቁ፣ እየደጋገሙ። ከሥሩ ያለውን ሞላና የተጠቀጠቀውን የፈረስ ፀጉር ግን አልነኩትም፤ እኔ ነኝ አይነካ ያልኩት። ሳቁብኝ።

ረጅሙ ቀን የስፌቱ ነበር። ቆዳ እንደ ጨርቅ አይደለም፤ አንዴ የተወጋ ቀዳዳ አይዘጋም። በመኪና ደግመህ ብትሰፋው አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው ጎን ይሆንና እንደ ቴምብር ጠርዝ ተቀዶ ይሄዳል። ስለዚህ ጋሼ በወስፌ የድሮውን ቀዳዳ እየፈለጉ፣ በሁለት መርፌ፣ በእጅ ሰፉት። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ የማላውቀው ሰው ጀርመን ውስጥ በበሳው ቀዳዳ የእሳቸው መርፌ ይገባል። እዚያ ቆሜ ሳይ ብዙ ሰዓት ሄደ።

«ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው።

«አባቴ። ኮርቻ ይሰፋ ነበር።» ክሩን በጥርሳቸው ሳቡና ዝም አሉ። «ሰፈር ምን ብለው እንደሚጠሩን ታውቃለህ አይደል? ኮርቻውን ግን ይወስዱ ነበር። እኔ ከተማ ስገባ ‹የመኪና ወንበር እሰፋለሁ› አልኩ፤ ቆዳ የሚል ቃል አላነሳሁም። ባለቤቴን ሳገባም እንደዚያው።»

ቤታቸው በር ላይ ዛሬም ታፔላ የለም። ደንበኛ የሚያመጣላቸው ሰው ነው፤ እኔንም አንድ መካኒክ ነው የላከኝ። ሒሳብ ስከፍል ፎቶ ላነሳቸው ጠየቅኋቸው፤ «እጄን አንሳ» አሉኝና መዳፋቸውን በስፌቱ ላይ ዘረጉ። ፎቶው ስልኬ ላይ አለ፤ አውራ ጣታቸው ላይ የክሩ ምልክት ይታያል።

የተሳፋሪው ወንበር ገና አልተነካም። ክሩ ወፍራምና ፀሐይ የሚችል መሆን አለበት፤ ከመርካቶ ያመጣሁላቸውን ሁለቴ በጥርሳቸው ሞክረው መልሰውልኛል።