ያቀባበለ እጅ፤ የአንድ ጠመንጃ የዝግታ ታሪክ

«ማቀባበል» የሚለው ቃላችን ለጠመንጃ ሥራ የተገባ ቃል ነው። ካዝናው ጥይቱን ይሰጣል፤ በርሜሉ ይቀበላል፤ በመካከላቸው ቆሞ የሚያቀባብለው የሰው እጅ ነው። ተኳሹ ቃታ ከመሳቡ በፊት እጁ ይህን ሥራ ጨርሶ መገኘት አለበት።

ይህ ጽሑፍ የዚያ እጅ ታሪክ ነው። የመሣሪያ መሐንዲሶች እጁን ከሥራው ለማሰናበት ብዙ ዘመን ደክመው በመጨረሻው ተሳካላቸው። ከዚያ በኋላ ግን አንዳንድ አገሮች ሕግ አውጥተው እጁን ወደ ቀድሞ ሥራው መለሱት። ለምን? መልሱን ለማግኘት ከመነሻው መጀመር ግድ ነው። (ከአገራችን በቀር ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ፕሩሲያ በ1841 የድራይዘን ጠመንጃ ለሠራዊቷ መረጠች። ጥይት በአፈሙዝ በኩል በዘንግ እየተጠቀጠቀ በሚጎረስበት በዚያ ዘመን፣ ይህ ጠመንጃ ከኋላው በእጀታ የሚከፈትና የሚዘጋ ነበር። በ1866 ኮኒግሬትዝ ላይ ፕሩሲያውያን ከኦስትሪያ ጋር ሲገጥሙ የፈጠራው ዋጋ ታየ። ኦስትሪያዊው ወታደር ለማጉረስ ቀና ማለት ነበረበት፤ ፕሩሲያዊው ግን መሬት ላይ እንደተኛ በዚያው ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ይተኩስ ነበር። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የ1898ቱ ማውዘር ሥራውን ወደ ፍጹምነት አደረሰው፤ እጀታውን ወደ ላይ ማንሳት፣ ወደ ኋላ መሳብ፣ ወደ ፊት መግፋት፣ ወደ ታች መመለስ። ባዶው ቀለህ ተስፈንጥሮ ይወድቃል፤ አዲሱ ጥይት ይገባል። ካዝናው አምስት ጥይት ይይዛል። ዛሬም በእጅ የሚቀባበሉ አብዛኞቹ የአደን ጠመንጃዎች የዚህ ማውዘር ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

የእኛም አገር ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበረችም። አባቶቻችን በ1888 ዓ.ም ዓድዋ ላይ ከያዟቸው መሣሪያዎች አንዱ ውጅግራ ነበር፤ ስሙ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት የመጣ ነው። ውጅግራ ካዝና የለውም። አንድ ጥይት ተተኩሶ ሌላ በእጅ ይጎረስበታል። ጥይትም እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አልነበረም፤ በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ በአንዳንድ ገበያዎቻችን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። እንግዲህ በከንቱ መተኮስ ከኪስ ገንዘብ አውጥቶ እንደ መበተን ያህል ነበር ማለት ነው። ዒላማ ሳይስት የሚተኩስ ሰው በአገራችን የተከበረበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

የሚያስገርመው ግን ጥይት የሞላቸው ታላላቅ መንግሥታትም ፍጥነትን መፍራታቸው ነው። እንግሊዝ በ1888 የሊ ሜትፎርድን ጠመንጃ ስትቀበል፣ ካዝናውን ከበርሜሉ የሚከልል ትንሽ ብረት ተገጥሞበት ነበር። ወታደሩ ብረቷን ወደ ውስጥ ገፍቶ ጥይት በጥይት እያጎረሰ ይተኩሳል፤ በካዝና ያለው ለጭንቅ ቀን ይቀመጣል። አሜሪካም በ1903ቱ ስፕሪንግፊልድ ላይ ተመሳሳይ መከልከያ አኖረች። የመኮንኖቹ ሥጋት ግልጽ ነበር፤ ወታደሩ በፍጥነት መተኮስ ከቻለ በድንጋጤ ጥይቱን ጨርሶ ባዶ እጁን ይቀራል የሚል ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ይህ ሐሳብ ተሸነፈ። በ1914 የሠለጠነ የእንግሊዝ እግረኛ በእጅ በሚቀባበለው ሊ ኤንፊልድ በደቂቃ አሥራ አምስት አነጣጥሮ የተኮሳቸው ጥይቶች ይጠበቁበት ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜም ያች መከልከያ ብረት ከአዳዲሶቹ ጠመንጃዎች ላይ ቀረች።

እጁን ፈጽሞ የማሰናበቱ ሥራም በዚሁ ዘመን ተጀምሯል። ጥይት ሲተኮስ የሚወጣው የጋዝ ኃይል ወይም የመሣሪያው መንደርደር ቀለሁን አውጥቶ ቀጣዩን ጥይት ያጎርሳል፤ ለሰውየው የሚቀረው ሥራ ቃታ መሳብ ብቻ ነው። በአንድ ስበት አንድ ጥይት የሚወጣ ከሆነ መሣሪያው ግማሽ አውቶማቲክ ይባላል። የሜክሲኮ ጦር በ1908 የሞንድራጎንን ጠመንጃ ተቀብሎ በዚህ መንገድ ቀዳሚ ሆነ። ጠመንጃው ስዊዘርላንድ ውስጥ ይሠራ የነበረ ውድ መሣሪያ ነው፤ ጭቃም አይችልም ነበር። ጀርመኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞክረውት ጭቃ ለማያገኛቸው ለአየር ኃይል ሰዎች ሰጡት። በእጅ የሚቀባበለው ማውዘር ግን ምሽግ ውስጥ ቀረ፤ ቢቆሽሽ የሰው ክንድ በጉልበት ይከፍተዋልና።

አሜሪካ በ1936 ስምንት ጥይት የሚጎርሰውን የጆን ጋራንድን ጠመንጃ የሠራዊቷ መደበኛ መሣሪያ አደረገች። ሌሎቹ ግን በአሮጌው መንገድ ቀጠሉ። ጀርመን፣ እንግሊዝ፣ ጃፓንና ጣሊያን ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የተዋጉት በአብዛኛው በእጅ በሚቀባበል ጠመንጃ ነው። ሶቪየት ኅብረት የራሷን ግማሽ አውቶማቲክ ማምረት ጀምራ ነበር፤ በ1941 ስትወረር ግን ርካሽና ለመሥራት ቀላል ወደ ሆነው ወደ ሞሲን ናጋንት አዘነበለች። ከጦርነቱ በኋላ ክርክሩ አከተመ። የእኛ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾችም በ1951 ኮሪያ ሲዘምቱ የታጠቁት የአሜሪካ መሣሪያ፣ ጋራንድንም ጭምር ነበር። ለጦር ሠራዊት ዝግታ የሚያስከፍለው ዋጋ የራሱን ወታደር ሕይወት ነውና በዚህ ምርጫ የሚፈርድ አይኖርም።

ክርክሩ እንደገና የተነሣው ከጦር ሜዳ ውጭ፣ በሲቪሉ ዓለም ነው። በእጅ የሚቀባበለው ጠመንጃ ጡረታ ወጥቶ በአዳኝና በገበሬ እጅ ገብቶ ነበር። አዳኝ የሚፈልገው ትክክለኛ የመጀመሪያ ጥይት ስለሆነ ጠመንጃው አላሳፈረውም። ነገር ግን ግማሽ አውቶማቲኩም ተከትሎት ወደ ሱቅ ገባ። በኦገስት 1987 እንግሊዝ አገር ሀንገርፎርድ በተባለች ከተማ አንድ ታጣቂ 16 ሰዎች ገደለ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው ሕግ ከአነስተኛው ካሊበር 22 በቀር ግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃን ከሲቪል እጅ አወጣ። በእጅ የሚቀባበለው ግን በፈቃድ ቀረ።

በአፕሪል 1996 አውስትራሊያ ውስጥ ታዝማኒያ ደሴት ላይ፣ ፖርት አርተር በተባለ የጎብኚዎች ሥፍራ 35 ሰዎች ተገደሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ሥልጣን ከያዙ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም ነበር። ከእልቂቱ በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፌዴራሉና ክልሎቹ ተስማሙ። ስምምነቱ ጠመንጃን ሁሉ አልከለከለም። መሣሪያዎቹን በየአሠራራቸው መደባቸው፤ በእጅ የሚቀባበለው አጥጋቢ ምክንያት ላለው ባለፈቃድ ተፈቀደ፣ ኃይለኛው ግማሽ አውቶማቲክ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ታገደ። መንግሥት ለአንድ ዓመት በጤና መድን መዋጮ ላይ ጥቂት ጨምሮ ከ640,000 በላይ መሣሪያዎችን ገዝቶ አወደመ። ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። ሃዋርድ በዚያው ዓመት በሴል ከተማ ለጠመንጃ ባለቤቶች ሲናገሩ ከኮታቸው ሥር ጥይት መከላከያ ለብሰው ነበር። ኒውዚላንድም በማርች 2019 ክራይስትቸርች ላይ በሁለት መስጊዶች 51 ምእመናን ከተገደሉባት በኋላ ተመሳሳይ መንገድ ተከተለች፤ ምክር ቤቷ ሕጉን ያጸደቀው በ119 ድምፅ ሲሆን የተቃወመው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

የተቃዋሚዎቹ ክርክር ግን ሊናቅ አይገባም። ማሳውን የሚያወድም የዱር አሳማ መንጋ የገጠመው ገበሬ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥይት በፍጥነት ይፈልጋል፤ እጀታ እስኪስብ መንጋው ያመልጠዋል። ደግሞስ ገዳይ በእጅ በሚቀባበል ጠመንጃ አይገድልምን? ይገድላል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 የተገደሉት በእጅ በሚቀባበል የጣሊያን ካርካኖ ነው፤ ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም ሲወሩን ይዘውት ከመጡት ጠመንጃ ቤተሰብ ማለት ነው። በዲሴምበር 2025ም ሲድኒ ውስጥ ቦንዳይ በተባለው የባሕር ዳርቻ 15 ሰዎች በጥይት ሲገደሉ፣ ከሦስት አሥርት ዓመታት በፊት የወጣው ሕግ አላዳናቸውም። ይህን ሳይጠቅሱ ሕጉን ማወደስ አንባቢን ማታለል ይሆናል።

ይሁንና እኔ የሕጉን ሐሳብ የምረዳው እንዲህ ነው። ሕጉ ክፋትን አጠፋለሁ አላለም፤ በአንድ ጥይትና በሚቀጥለው መካከል ያለችውን ጊዜ መልሶ አስገባ እንጂ። ያች ጊዜ ለአዳኙ ምንም አይደለችም፤ ለገበሬው እንቅፋት ናት፤ ከገዳይ ፊት ለሚሮጥ ሰው ግን በር ለመድረስ የምትበቃ ልትሆን ትችላለች። ገበሬው የሚያጣውና ሯጩ የሚያገኘው በአንድ ሚዛን ሲቀመጥ የትኛው እንደሚከብድ ለመናገር አይቸግረኝም።

በእኛ አገር ምንሽር ለክላሽንኮቭ ቦታውን ከለቀቀ ብዙ ዘመን ሆነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ስለ ፈቃድና ስለ ምዝገባ ደንግጓል፤ በየመሸታ ቤቱና በየስብሰባው የምንሰማው ክርክርም ማን ይታጠቅ፣ ማን አይታጠቅ የሚል ነው። ምን ዓይነት መሣሪያ ይታጠቅ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። በአንድ የሠፈር ጠብ፣ በአንድ የግጦሽ ግጭት፣ በአንድ የሠርግ ቤት ግርግር፣ የተቆጣ ሰው እጅ ላይ ያለው ምንሽር ነው ወይስ ክላሽ? በመጀመሪያው ጥይትና በሁለተኛው መካከል እጁን የሚይዝለት ሽማግሌ የሚደርስበት ፋታ አለ ወይስ የለም? የድሮ መኮንኖች ያችን ትንሽ ብረት በጠመንጃቸው ላይ የገጠሙት ጥይት ለመቆጠብ ነበር። ከጥይቱ ሰው ይበልጣልና ለሰውም ሲባል ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል።