ዛፉ የማን ነበር?

ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ያዘጋጀውን የግጥም ውድድር እንድዳኝ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። መድረኩ ላይ ችግኝ በላስቲክ ተደርድሯል፤ ልጆቹ አረንጓዴ ከነቴራ ለብሰዋል። አሥራ ሰባት ልጆች ተራ በተራ ወጡ። እውነቱን ለመናገር አሥራ ስድስቱ ያነበቡት አንድ ግጥም ነው። ምድር ታማለች፣ ዛፍ ሕይወት ነው፣ እንትከል፣ እንነሣ። አሥራ ሰባተኛዋ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። እሷ የጻፈችው ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ይወርዱ ስለነበሩ አያቷ ነው። የደን ጠባቂው ሲመጣ እንዴት ይደበቁ እንደነበር፣ ወገባቸው እንዴት እንደጎበጠ ተናገረችና በመጨረሻ ዛፉ የማን እንደሆነ ጠየቀች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዳኞቹ አንዱ «ጥሩ ናት፤ ግን ከርእሱ ወጥታለች» አለ። ሦስተኛ አደረግናት። እኔም ፈረምኩ።

ማታ ይህንኑ ለአክስቴ አጫወትኳት። አክስቴ በ1970ዎቹ ደሴ ውስጥ የቀበሌ ኪነት አባል ነበረች። ስቃ ስታበቃ «እኛም እኮ አሥራ ስድስቱን ነበርን» አለችኝ።

አነጋገሯ ከሰነበትኩበት ሐሳብ ጋር ገጠመ። «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለው ስም አዲስ በመሆኑ ወጣቱን በዘፈን፣ በሥዕልና በቴያትር ለምድርና ለሰማይ ጉዳይ ማሰለፍም አዲስ ነገር ይመስለናል። ነገሩ ግን እዚሁ አገራችን ውስጥ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ያኔ ስሙ ድርቅ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ጥቂት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው የረሃቡን ፎቶግራፍ አንሥተው መጡ፤ በግቢውም ለእይታ አቀረቡት። መንግሥት ረሃቡ እንዲወራ በማይፈልግበት ሰዓት ነው ይህ የሆነው። ተማሪው ከዚያ በፊትም ስለ መሬት ሲጮህ የኖረ ነውና መፈክር አላነሰውም ነበር። ያላየው የሰዎቹን ፊት ነው። ፎቶግራፉ ይህን አድርግ፣ ያንን አታድርግ አይልም፤ ያሳያል፣ የቀረውን ለተመልካቹ ይተዋል።

ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በጥቅምት 1966፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘውን ፊልሙን ለብሪታንያ ቴሌቪዥን ተመልካች አቀረበ። ይኸው ፊልም ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 1 ቀን 1967፣ ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር እየተቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። የተደበቀውን የገለጠው ምስል በአንድ ሌሊት የመንግሥት መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ደርግ የኪነ ጥበብን ጉልበት የዘነጋበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ቀጥሎ ቀበሌዎች ሲደራጁ የኪነት ቡድኖች እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈሉ። ዛሬ «ኪነት» ሲባል ብዙ ሰው ፈገግ ይላል። ነገር ግን ስንቱ የዘመናችን ድምፃዊ፣ ተዋናይና ተወዛዋዥ ከዚያ እንደወጣ ማስታወስ ይገባል። የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ስማቸው እስከ ዛሬ አለ። የአክስቴ ቡድን ከነዚህ ተርታ አይገባም። ከበሮውም የተዋሱት ነበር።

ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዓለም ምግብ ፕሮግራም ድጋፍ፣ በተለይ እንደ ወሎ ባሉ ድርቅ በሚያጠቃቸው ክፍላተ ሀገር፣ ታላቅ የእርከንና የችግኝ ተከላ ሥራ ተጀመረ። ገበሬው ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ይሰፈርለታል። ተራራው ተከልሎ ከብት እንዳይገባበት፣ እንጨት እንዳይቆረጥበት ይደረጋል። የእነ አክስቴ ድርሻ በጭነት መኪና እየሄዱ ሥራውን በዘፈን ማሟሟቅ ነበር።

«እኛ ዘፈንን፣ እነሱ ቆፈሩ» ትላለች። «ቀኑን ሙሉ ስለ ልምላሜ ስንዘፍን ውለን፣ አንድ ሽማግሌ ዶማቸውን ተደግፈው፣ ልጄ፣ ይኼ ሲያድግ ማን ነው የሚቆርጠው? አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ሄጄ ካድሬውን ጠየቅሁት። ሕዝቡ ነዋ! አለኝ። ተመልሼ ሕዝቡ ነው አልኳቸው። ሽማግሌው ግራ ቀኙን አዩና፣ ታዲያ እኛ ማን ነን? አሉኝ።»

«ይህን በግጥም አላስገባችሁትም?» አልኳት።

«አንተ ደግሞ! ግጥሙ እኮ ታይቶ ነበር የሚመጣልን።»

የ1977ቱ ድርቅ ሲመጣ ዘፈኑ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚል ስም የተሰባሰቡ ከያኒያን በ1980 ዓ.ም. እርዳታ የሰጠውን ዓለም ሊያመሰግኑ አውሮፓንና አሜሪካን ዞሩ። ትርኢቱ ግሩም እንደነበር ያየ ሁሉ ይመሰክራል። የሽማግሌው ጥያቄ ግን እዚያው ተራራ ላይ ቀረ።

መልሱ በ1983 መጣ። መንግሥት ሲወድቅ ገበሬው በብዙ ቦታ መጥረቢያውን ይዞ ወደተከለለው ተራራ ወጣ። አክስቴ በ1984 ለለቅሶ በዚያ ስታልፍ የዘፈነችበት ኮረብታ ጉቶ ብቻ ሆኖ አገኘችው። ለዓመታት «ሕዝባችን ዛፍ አይወድም» ስትል እንደኖረች አትደብቅም። በከተማ የምንኖር ሰዎች ይህን ዓረፍተ ነገር ስንወደው! የወሎን የአካባቢ ፖሊሲ ያጠኑት ደሳለኝ ራሕመቶ ግን ያሳዩን ሌላ ነው። ሥራው ከላይ የታዘዘ፣ ገበሬው ሳይመከርበት ጉልበቱ ብቻ የተፈለገበት ነበር። የራሱ ያልሆነውን፣ የግጦሽ መሬቱንም የወሰደበትን ዛፍ ቆረጠ።

ለዚህ ዋናው ማስረጃ ደግሞ ያው የፈረደበት ፎቶግራፍ ነው። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክረሚ ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ያነሷቸውን ሥዕሎች ይዞ፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ1989፣ በየቦታዎቹ እየቆመ እንደገና አነሣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስተያያቸው ያገኘው ከአሮጌው ይልቅ በአዲሱ ሥዕል ላይ የበለጠ ዛፍ ነው። ዛፉ ባመዛኙ ገበሬው ያለ ዘፈንና ያለ ካድሬ በየደጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጣል፣ መሬት ያደርቃል የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንተወውና፣ ዛፍ የማይወድ ሕዝብ ይህን አያደርግም።

ዘፈኑን መውቀሴ አይደለም። አክስቴና ጓደኞቿ ከልባቸው ነው የዘፈኑት። አንዳንዶቹም ችግኝ ለማጠጣት በእግራቸው ተመልሰው ይሄዱ ነበር። ጉድለቱ የተሰጣቸው ሥራ ላይ ነው። የሬዲዮ ማስታወቂያ በዜማ እንዲደግሙ እንጂ የሽማግሌውን ጥያቄ ከተራራው ወደ ከተማ ይዘው እንዲመለሱ ማንም አልጠየቃቸውም።

ዛሬስ? ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ዘፈኑም፣ ከነቴራውም፣ የትምህርት ቤት ውድድሩም አብሮ ይመጣል። ሥራው ቀላል አይደለም፤ ድርቁም ጎርፉም ከአክስቴ ዘመን ይልቅ ብሷል። ለዚህም ነው ከተከላው ቀን ቁጥር ይልቅ ሦስት ክረምት የተሻገረው ችግኝ ቁጥር የሚያስጨንቀኝ። ለክበቡ ልጆች አንድ ነገር ስጥ ብባል አሮጌ ፎቶግራፍ እሰጣቸው ነበር፤ የሰፈራቸውን፣ የእንጦጦን፣ የአያቶቻቸውን አገር። ሄደው እዚያው ቦታ ይቁሙና እንደገና ያንሡ። እዚያ ያገኙትን ሰው ምን እንደነበረ፣ ማን እንደቆረጠው፣ ማን እንደተከለው ይጠይቁ። ግጥሙ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ስዘበዝብላት በትዕግሥት ሰማችኝና «የዚያች ልጅ ስም ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የውጤት መስጫው ላይ የተጻፈው ቁጥሯ ብቻ ነበር፤ አሥራ ሰባት። ሰኞ ዕለት ወደ ትምህርት ቤቱ ደወልኩ። ያነሣችው ሴትዮ ክበቡ ለክረምት መዘጋቱን ነግራኝ፣ የአንደኛውን ልጅ ስም ከሆነ ግን ልትሰጠኝ እንደምትችል ጨመረችልኝ።